ጅማ ላይ «ድብርት ይሁን ባይፖላር በደም እንለያለን» የሚለው ፓኬጅ፣ ከፍለን ያየነው

መጀመሪያ ፍርዴን ላስቀምጥ፣ ዝርዝር የሚፈልግ ከታች ያገኘዋል። ላብራቶሪው እንደ ላብራቶሪ ጥሩ ነው፣ ንፁህ ነው፣ ልጆቹ ስራቸውን ያውቃሉ፣ ውጤት ባሉት ሰዓት ይሰጣሉ። ግን ድብርትንና ባይፖላርን (ሰው አንዴ ድብርት ውስጥ የሚወድቅበት ሌላ ጊዜ ደሞ ከልክ በላይ የሚነሳበት በሽታ ነው) በደም እንለያለን ብለው የሚሸጡት ፓኬጅ የተባለውን አያደርግም፣ ሊያደርግም አይችልም፣ ምክንያቱም ውስጡ ያሉት ምርመራዎች አንዳቸውም ለዛ የተሰሩ አይደሉም። ወንድሜ ምን እንደሆነ የለየለት ከዛ በኋላ የሄድንበት የሳይካትሪ ክሊኒክ ነው፣ እሱም ቁጭ ብሎ በማውራት ነው የለየው። ሁለቱንም እዚሁ እጽፋለሁ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም። ስማቸውን ግን አልጠቅስም፣ ጅማ ሰው ለሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፣ የት እንደታከመ ከጻፍኩ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ እሱም ጻፊ ያለኝ በዚህ ስምምነት ነው።

ወንድሜ ሃያዎቹ ውስጥ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ከመርካቶ አጂፕ ከአጂፕ ኮቺ ሲል የሚውል ተጫዋች ልጅ። ክረምት ላይ በቃ ዝም አለ። ጠዋት አይነሳም፣ ባጃጇ ግቢ ውስጥ ቆማ ትውላለች፣ እማዬ ምሳ ስታቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይተወዋል፣ ምን ሆንክ ሲባል ምንም አይጥመኝም ይላል። አንድ ጤና ተቋም ወሰድነው፣ እዛ የተጠየቀው በሙሉ አሁን ስለሚሰማው ነገር ነበር፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብ እንዴት ነው፣ ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ ወይ፣ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው ግን ከዚህ በፊትስ ተቃራኒው ገጥሞህ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፣ እኛንም ውጪ ነው ያስቀመጡን። ድብርት ነው ተባለ፣ ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ታዘዘ፣ ወደ ቤት።

ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ልጁ ተነሳ። ቤቱ በሙሉ ተመስገን አለ፣ ጎረቤት ቡና ጠራን። ግን መነሳቱ አልቆመም፣ ሌሊት አይተኛም ጠዋት ደሞ ድካም የሚባል የለበትም፣ ሲያወራ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፣ ሶስት ባጃጅ በዱቤ ልገዛ ነው ብሎ ሰው ጋር ቀብድ እስከመስጠት ደረሰ፣ በእኩለ ሌሊት ለአስር ዓመት ያላያቸው የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ይደውላል፣ ዝም በል ሲባል ይቆጣል፣ ቁጣ ደሞ የሱ ባህሪ አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ምርቃና ነው ጫቱን ይቀንስ ተባለ። ጅማ ላይ ሁሉም ነገር መጨረሻው ጫት ላይ ነው የሚያርፈው፣ አንዳንዴ ልክ ነው አንዳንዴ ግን ጫት ላይ ተሳቦ ትልቅ በሽታ ይታለፋል።

ይሄ ልዩነት ለምን ነፍስን እንደሚነካ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ድብርት ብቻ ያለበት ሰውና ባይፖላር ያለበት ሰው ድብርቱ ላይ ሲሆኑ በመልክ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ያው ከአልጋ የማይነሳ ሰው ናቸው። ባይፖላር ያለበት ሰው ደሞ ወደ ሐኪም የሚሄደው ብዙ ጊዜ ድብርቱ ላይ ሲሆን ነው፣ ሲነሳማ ራሱን ጤነኛ ብቻ ሳይሆን ከሁሉ የበለጠ ጤነኛ አድርጎ ነው የሚያየው ማን ይሄዳል። ስለዚህ ድብርት ተብሎ ይጻፍለትና የድብርት መድኃኒት ብቻውን ይሰጠዋል፣ ያ መድኃኒት ያለ ስሜት ማረጋጊያ ለብቻው ሲወሰድ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደዛ ከልክ ያለፈ መነሳት፣ ሊገፋው ይችላል። ዓለም ላይ በሙሉ ትክክለኛው ስም እስኪገኝ ዓመታት የሚያልፍባቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ደም ሰጥተን ወዲያው ብንለየው የሚለው ምኞት ተራ ምኞት አይደለም፣ የብዙ ቤተሰብ ምኞት ነው፣ በዚህ ምኞት ላይ ገንዘብ ሲሰበሰብ ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ወደ ላብራቶሪው። አጎታችን ከሆነ ሰው ሰምቶ ነው የነገረን፣ አሁን እኮ በደም ይለያል ብሎ። እኔ ብጠራጠርም እማዬ ተስፋ ስላደረገች አብሬ ሄድኩ። ቦታው ከፈረንጅ አራዳ ብዙ ሳይርቅ ዋናው አስፋልት ዳር ነው፣ ለባጃጅ አመቺ ነው፣ ደረጃው ግን ለአዛውንት አስቸጋሪ ነው፣ እማዬ ሁለት ቦታ አርፋ ነው የወጣችው። ውስጡ በጣም ንፁህ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ወዲያው ይነሳል፣ ደም የሚቀዳው ልጅ እጁ ቀላል ነው፣ አዲስ ጓንት አድርጎ ስም ጠይቆ ብልቃጡ ላይ ፊታችን ጽፎ ነው የቀዳው፣ ይሄን የምጽፈው ብዙ ቦታ ስለማይደረግ ነው። ወንድሜ በዛ ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም ነበር፣ ይነሳል ይዞራል ለተሰለፈው ሰው በሙሉ ያወራል፣ ልጁ ግን አልተሳቀቀበትም አልሳቀበትም፣ «ና ወንድሜ፣ እዚህ ጋር እናውራ» ብሎ እያወራው ነው ቀድቶ የጨረሰው። ለዚህ ልጅ ትልቅ ክብር አለኝ።

ችግሩ ሪሰፕሽኑ ላይ ነው። ፓኬጁ ከ4 ሺህ ብር በላይ ነው፣ ምን ምን እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት ስጡን ስንል ሲወጣ ታዩታላችሁ ተባልን። ይለያል ወይ ብዬ በቀጥታ ጠየቅኩ፣ አዎ እህቴ ውጤቱ ላይ ይወጣል አለችኝ። ውጤቱ ሲወጣ ያገኘነው ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የስኳር፣ የጉበትና የኩላሊት፣ የታይሮይድ፣ ቫይታሚን ዲና ቢ12፣ ኮርቲዞልና ሲአርፒ ነው። በቃ። ባይፖላር የሚል መስመር የለም፣ ድብርት የሚል መስመርም የለም። ሲአርፒው ትንሽ ከፍ ብሎ ስለነበር እሷን በእስኪርቢቶ አክብባ ይቺ ናት የምታሳየው ሐኪም ያየዋል አለችን። ሲአርፒ ማለት ሰውነት ውስጥ መቆጣት እንዳለ የሚያሳይ ነው፣ ጉንፋንም ከፍ ያደርገዋል፣ የታመመ ጥርስም ከፍ ያደርገዋል፣ ከድብርትም ከባይፖላርም ጋር አብሮ ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ፣ ስለዚህ ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ኮርቲዞል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም እንደዛው ነው፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ኮርቲዞሉ ምን ሊሆን ነው የምንጠብቀው።

በሌላ በኩል ፍትሃዊ ልሁን፣ ከነዚህ ውስጥ ዋጋ ያላቸው አሉ። ታይሮይዱ ለምሳሌ የግድ መታየት ያለበት ነው፣ ታይሮይድ ሲያንስ ሰውን ድብርት ያስመስለዋል ሲበዛ ደሞ እንቅልፍ የሌለው ችኩል ሰው አድርጎ ማኒያ ያስመስለዋል፣ አንገት ላይ እንቅርት ብዙ ባለበት አገር ይሄን ሳያዩ የአእምሮ መድኃኒት መጀመር ልክ አይመስለኝም። ቢ12 ማነስም ስሜትን ይነካል። ስኳሩና ጉበቱም በኋላ ለመድኃኒቱ መነሻ ሆኖ ጠቅሞናል። ግን እነዚህ ሌላ በሽታ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው የሚሰሩት፣ ባይፖላር ነው አይደለም ለማለት አይደለም፣ ተለይተው ቢታዘዙ ደሞ ዋጋቸው ከፓኬጁ ግማሽ አይሞላም ነበር።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ፣ በደም የሚለይ ነገር ጭራሽ የለም ወይ? አለ፣ ማለትም እየተሰራ ያለ አለ፣ በደንብም አንብቤዋለሁ። በጣም የተወራለት እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሰራው ነው፣ በነ ሳቢን ባንና ያኩብ ቶማሲክ፣ በፈረንጆቹ 2023 ጃማ ሳይካያትሪ መጽሔት ላይ ወጣ። ከ2018 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ሰዎችን በኢንተርኔት መዝግበው በጣም ረጅም መጠይቅ አስሞሉ፣ ከ600 በላይ ጥያቄ ያለው፣ ከዛ ፈቃደኛ የሆኑት ቤታቸው ሆነው ጣታቸውን ወግተው ጠብታ ደም ወረቀት ካርድ ላይ አድርቀው በፖስታ ላኩ። ደሙ ውስጥ ከ600 በላይ ሜታቦላይት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ተለኩ። ዋናው ትንተና የተሰራባቸው 241 ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም ድብርት ተብሎ የተጻፈላቸው፣ በኋላ በተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ሲታዩ 67ቱ ባይፖላር ሆነው ተገኙ። ይሄ ቁጥር ብቻውን ያስደነግጣል፣ ድብርት ከተባሉት ውስጥ ከሩብ በላይ።

ከዛ የነዚህን ሰዎች ደም ከሌሎቹ ሲያወዳድሩ 17 ምልክቶች ያሉት ስብስብ አገኙ፣ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ሴራማይድ የሚባል የስብ ዓይነት ነው። አቅሙ ስንት ነው ሲባል 0.71 ነው። ይሄ ምን ማለት ነው፣ አንድ ባይፖላር ያለበት ሰውና አንድ ድብርት ብቻ ያለበት ሰው ብንወስድ ምርመራው ለባይፖላሩ ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጠው ከ100 ጊዜ 71 ያህሉን ነው፣ ምንም የማያውቅ ምርመራ 50 ያገኛል። ስለዚህ ከግምት የተሻለ ነው፣ አንድን ልጅ መድኃኒቱን ለመቀየር ግን ለብቻው አይበቃም። ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ያሉትም ደሙ ብቻውን እስከ 30 በመቶ የሚሆኑትን ሊለይ ይችላል፣ ከመጠይቁ ጋር ሲሆን ግን የበለጠ ይሰራል ነው። ሌላ የሚገርም ነገር ደሞ የደሙ ምልክት በዋናነት አብሮ የሄደው ሰውየው በሕይወቱ ካሳለፋቸው የማኒያ ምልክቶች ጋር ነው፣ ማለትም ደሙ የሚፈልገው ያንኑ እማዬ የምታስታውሰውን ታሪክ ነው።

ፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ውስጥ ደሞ አልሴዲያግ የሚባል ድርጅት ኤዲት ቢ የሚባል ሌላ ምርመራ ሰርቷል፣ እሱ ሜታቦላይት ሳይሆን ደም ውስጥ ያለው አርኤንኤ (የዘረመልን መልእክት የሚያደርሰው) ላይ የሚደረገውን ለውጥ ነው የሚያየው፣ አውሮፓ ውስጥ ለመሸጥ የሚያስችለውን የሲኢ ምልክት አግኝቷል። በ2022 ያወጡት ውጤት ከካምብሪጁ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ግን ያወጡት ራሳቸው የሰሩት ሰዎች ናቸው፣ ሌላ ሰው በሌላ ሕዝብ ላይ ደግሞ እስኪያሳየው ድረስ እኔ በሱ ላይ ወንድሜን አላስቀምጥም። እኛ የተሸጠልን ፓኬጅ ደሞ ይሄም አይደለም ያኛውም አይደለም። ሴራማይድ የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል ውድ ማሽን ነው፣ ውጤት ወረቀታችን ላይ እንኳን ሴራማይድ ከስብ ወገን ኮሌስትሮል እንኳን አልነበረም።

የካምብሪጁ ነገር ለእኛ አገር ተስፋ አለው ብዬ የማስበው በካርዱ ምክንያት ነው። ወረቀት ላይ የደረቀ ደም ፍሪጅ አይፈልግም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናትን ለመመርመር ይሄው ደረቅ ካርድ ስንት ዓመት ከየወረዳው ሲላክ የኖረ ነው፣ ስለዚህ መላኩን እናውቅበታለን። ያልተሰራው የኛ ሰው ደም ላይ መፈተሹ ነው። እነዛ 241 ሰዎች እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ናቸው። ሴራማይድ ስብ ነው፣ ክብደትና የሚወሰደው መድኃኒት ይነካዋል። እኛ ጋር ሁለት ወር በሚጠጋ ፆም የእንስሳት ቅባት የማይነካ ሰው አለ፣ ረመዳንን ቀን ሙሉ ሳይበላ የሚውል አለ፣ በየቀኑ የሚቅም አለ። እዛ አገር የተቀመጠ ቁጥር እዚህ ሰው ላይ ይሰራል ለማለት እዚህ መለካት አለበት፣ ይሄን ደሞ ጅማ ላይ የሚሰራ ሰው ቢገኝ እኔ ደሜን ለመስጠት የመጀመሪያዋ ነኝ።

እስከዛ ግን በዓለም ላይ በሙሉ፣ አሜሪካም ሆነ እንግሊዝ፣ ባይፖላር የሚለየው በታሪክ ነው። ዲኤስኤም 5 የሚባለው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ በፈረንጆቹ 2013 ሲወጣም ማኒያ ለማለት ቢያንስ 7 ቀን፣ ቀለል ያለውን ሃይፖማኒያ ለማለት ቢያንስ 4 ቀን የቆየ የስሜትና የጉልበት ከፍታ ነው የሚጠይቀው፣ የደም ውጤት አይጠይቅም። እኛ አገር ቡታጅራ ላይ የተሰራው ትልቁ ጥናትም ቤት ለቤት 68 ሺህ ያህል ሰው ያዳረሰው በጥያቄ ነው፣ ባይፖላር ያለበት ሰው ከ1000 5 አካባቢ ሆኖ የተገኘውም በዛው ነው። እኔ ቡና ቅምሻ ላይ ነው የምሰራው፣ ጥሬው ቡና በመልኩና በእርጥበቱ ብዙ ነገር ይናገራል፣ ደረጃው ግን ተቆልቶ ተፈልቶ ካልተቀመሰ አይሰጥም፣ ደሙንም ከዚህ በላይ አድርጌ አላየውም።

ክሊኒኩ ጋር ልምጣ። ካርድ ከ500 ብር ትንሽ ከፍ ይላል፣ የዶክተሩ ሰዓት ለተሰጠበት ጥራት ውድ አይደለም። መጀመሪያ ግን መጥፎውን። መጠበቂያው መተላለፊያ ላይ የተደረደረ አግዳሚ ነው፣ ከጎኑ ሌላ ቢሮ ስላለ የሚወጣው የሚገባው ሰው በሙሉ ያያችኋል። ጥበቃው በር ላይ «የአእምሮ ነው?» ብሎ ጮክ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ልጁ ክፋት የለውም ግን እዛ በር ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ሸፍነው የተመለሱ አንዲት እናት በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄ ቀላል ነገር ነው፣ በአንድ ቀን ይስተካከላል፣ ካርድ ቁጥር ስንት ነው ማለት ይቻላል። ቀጠሮ በስልክ ይዘን ሄደንም ብዙ ጠብቀናል፣ ሐኪሙ አንድ ብቻ ስለሆነ ድንገተኛ ሲገባ ሁሉም ይገፋል፣ ስለዚህ ማልዳችሁ ሂዱ፣ የሚበላ ነገር ያዙ።

ዶክተሩ ጋር ከገባን በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። ሰላም ብሎ እማዬን እናቴ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ ብሎ አጠገቡ አስቀመጣት፣ መጀመሪያ ወንድሜን ብቻውን ነው ያናገረው እኛን አስወጥቶ፣ ከዛ በሱ ፈቃድ እኛን አስገባን። የደም ውጤቱን አጎታችን አውጥቶ ሲሰጠው አልናቀውም፣ አንድ በአንድ አየው፣ ታይሮይዱ ደህና መሆኑ ጥሩ ነው አለ፣ የተከበበችውን ሲአርፒ አይቶ ይቺ ስለምንጠይቀው ነገር ምንም አትነግረንም ብሎ ወረቀቱን አስቀመጠ። ከዛ ጥያቄ ጀመረ።

የጠየቀው ስለ ዛሬ ብቻ አይደለም። ከዚህ በፊት ሳይተኛ ያልደከመው ጊዜ ነበረ ወይ? ገንዘብ ያለ ልክ ያወጣበት? ሰው ምን ነካው ያለበት? የሆነ 13 አዎ ወይም አይደለም የሚባሉ ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አለው፣ 7ና ከዛ በላይ አዎ ከሆነ፣ ነገሮቹ በአንድ ወቅት አብረው የመጡ ከሆነና ኑሮን ያናጉ ከሆነ በደንብ ይታይ የሚል ነው፣ ከፈረንጆቹ 2000 ጀምሮ ዓለም ላይ የሚሰራበት ነው፣ እሱንም ራሱ በአማርኛ እያስረዳ አብሮ ሞላው። ወንድሜ ለብዙው አይ ነው ያለው። እዚህ ጋር ነው እማዬ ያወራችው። ማትሪክ የወሰደ ጊዜ እኮ አለች፣ ሌሊቱን ሁሉ ግቢ ሲጠርግ ነበር፣ ጫማውንና ጃኬቱን ለጓደኞቹ አድሎ ጨረሰ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ፓይለት ነው የምሆነው ብሎ እንቢ አለ፣ ሳምንት አለፈው፣ ከዛ ደሞ ወር ሙሉ ተኛ። እኛ ቤት ይሄ ታሪክ ለጋስነቱን ለማሳየት ነበር የሚወራው፣ የፈተና ጭንቀት ነው ብለን። ዶክተሩ እስኪርቢቶውን አስቀምጦ እናቴ ይሄን ይድገሙልኝ አላት። ከዛ በአባታችን በኩል አንድ አጎት ለጠበል የሚወሰዱና የሚመለሱ እንደነበሩ ተነሳ፣ ባይፖላር በዘር የመሄድ ነገር ስላለው እሱንም ጻፈው።

ጫቱን በተመለከተ የጠየቀበት መንገድ ደስ ብሎኛል። አልወቀሰውም። ስንት ትቅማለህ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት፣ ያልቃምክ ቀንስ እንዴት ታድራለህ ነው ያለው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር ቅርብ ዘመድ ነው፣ ስለዚህ ወሬና ጉልበት እንቅልፍ ማጣትም ያመጣል፣ ባይፖላር ያለበትን ሰው ደሞ ሊያነሳበት ይችላል፣ ግን ምርቃና በሰዓታት ይወርዳል፣ ከዛ ድካሙና መደበሩ ይመጣል። ወንድሜ እማዬ ከግቢ አትወጣም ብላ በያዘችባቸው ቀናት ቅጠል አልነካም፣ እንቅልፉ ግን አልተመለሰም ወሬውም አልቆመም። ይሄን እማዬ ባትኖር ማን ይነግረዋል፣ የትኛው ደም ይነግረዋል። ከፍሉኦክሰቲኑ መጀመር ጋር ያለውንም ጊዜ በቀን መቁጠሪያ አስቆጠረን፣ መድኃኒቱ ብቻ አምጥቶት ቢሆንስ የሚለውንም አንስቶ የማትሪኩ ጊዜ ግን መድኃኒት አልነበረም አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የቆየነው፣ ሲጨርስ ባይፖላር ነው፣ ይታከማል፣ ሥራውንም ይሰራል ብሎ ነው የነገረው፣ ለኛ ሳይሆን ለሱ፣ ዓይኑን እያየ።

ፍሉኦክሰቲኑን እሱ አስቆመው (በራሳችሁ ግን አታቁሙ፣ የሁሉም ሰው አንድ አይደለም)፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባል ስሜት ማረጋጊያና ማታ ማታ ኦላንዛፒን ጀመረለት። ይሄን የሚያነቡ እህቶች ካላችሁ ግን ቫልፕሮኤት ፅንስን በጣም ይጎዳል፣ መውለድ በሚቻልበት ዕድሜ ላሉ ሴቶች በተቻለ መጠን ሌላ ነው የሚመረጠው፣ ሐኪም ቢረሳ እናንተ አንሱት፣ እርግዝና እያሰባችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱ ክሊኒኩ ፋርማሲ ውስጥ አልነበረም፣ ከተማ ውስጥ ዞረን አንድ ቦታ ለግማሽ ወር የሚሆን ብቻ አገኘን፣ የቀረውን ዘመድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከልን። መቋረጥ አደገኛ ስለሆነ ከማለቁ በፊት መፈለግ ጀምሩ።

እና ደሙ ዋጋውን ያሳየው እዚህ ላይ ነው፣ በዛው ላብራቶሪ። ቫልፕሮኤት ጉበትንና የደም ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን) ሊነካ ስለሚችል በየጊዜው ይታያል፣ ኦላንዛፒን ደሞ ክብደትና ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ ስኳሩና ስቡ ይታያል። ያ እጁ ቀላል ልጅ ነው አሁንም የሚቀዳለት፣ ውጤት በዛው ቀን፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ። ሊቲየም የሚባለውን ሌላ ስሜት ማረጋጊያ ለሚወስዱ ሰዎች ደሞ ደም የግድ ነው፣ ሊቲየም ራስን ማጥፋትን በመቀነስ የተመሰከረለት መድኃኒት ነው ግን በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፣ ደሙም የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፣ ኩላሊትና ታይሮይድም አብረው ይታያሉ። ላብራቶሪው ሊቲየም ናሙናውን አዲስ አበባ ልኮ ነው የሚያሰራው፣ ይሄን ሲጠየቁ በግልጽ ነው የነገሩኝ፣ ቀን እንደሚፈጅም ነግረውኛል። ማስመሰል የሌለበት እንዲህ ያለ መልስ ስለ ፓኬጁም ቢሰጥ ምን ነበረበት።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ ድብርት የተባለ ሰው ካላችሁ ፓኬጁን አትግዙ፣ ገንዘቡን ለሐኪሙ ሰዓት አውጡት። የግል አቅም ከሌለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ጤና መድን ያላችሁ ሪፈር እንዴት እንደሚጻፍ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ። ስትሄዱ ልጁን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ እናት ብትሆን እህት ብትሆን አብሮት የሚያድር ሰው ብቻ ይሁን፣ በመንገድ ላይ ሳትተኛ የሰነበትክበት ጊዜ መቼ ነበር ተባብላችሁ አስታውሱ፣ የጀመራችሁትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ፣ የተጀመረበትን ቀን ጻፉ። በዘር ያለውንም አትደብቁ፣ ለጠበል የሄደም ቃልቻ ጋር የሄደም ካለ ንገሩት፣ ይሄ ዶክተር አይቆጣም። ድብርት መድኃኒት ጀምሮ ድንገት እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ካለ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ የዛኑ ሳምንት ውሰዱት። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ካለ ደሞ የዛኑ ቀን።

ላብራቶሪውን ለሚያስተዳድሩት፣ ይሄን ብታነቡት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ፓኬጁን «ለአእምሮ ሕክምና መነሻ ምርመራ» በሉት፣ ታይሮይዱን ስኳሩን ጉበቱን ኩላሊቱን ደም ቆጠራውን ቢ12ቱን ብቻ አስቀሩበት፣ ኮርቲዞሉንና ሲአርፒውን አውጡት፣ ዋጋውንም በዛው ልክ ዝቅ አድርጉት፣ ዝርዝሩን ከክፍያ በፊት በወረቀት ስጡ። ሥራችሁ ለዛ የሚበቃ ነው፣ እኔም ያኔ ሰው እልክላችኋለሁ። ለላብራቶሪው ከ5 4 እሰጣለሁ፣ ለፓኬጁ 1፣ ለዶክተሩ 5፣ ለክሊኒኩ መጠበቂያና ለበሩ 2።